እናቴን ስለ መርፌው እንዴት ልጠይቃት?

የናታንያዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ያደግን ሰዎች የሐበሻው አቆጣጠር ጠፍቶብናል።

ከእናቴና ከወንድሞቼ ጋር ጎንደር ከተማ፣ እስራኤል ለመግባት የሚጠብቁ ሰዎች የሚረዱበት ግቢ አጠገብ፣ በኪራይ ቤት ዓመታት ጠብቀን ነው እስራኤል የገባነው። ገና ልጅ ነበርኩ። በደንብ የማስታውሰው ወረፋውን ነው። የእህል ወረፋ፣ የትምህርት ቤት ወረፋ፣ የስም ጥሪ ወረፋ። ከነዚህ አንዱ የእናቴ የክሊኒክ ወረፋ ነበር። ትንሽ ካርድ ነበራት። በፌስታል ጠቅልላ ከመታወቂያዋ ጋር ታስቀምጠው ነበር። "የምን ካርድ ነው?" ስላት "የመርፌ" ትለኛለች። ክትባት ይመስለኝ ነበር።

በ2012 መጨረሻ በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን ስለ ዲፖ ፕሮቬራ፣ ስለ ወሊድ መከላከያው መርፌ፣ ያ ፕሮግራም ሲወጣ አብረን ሶፋ ላይ ነበርን። እናቴ ሳያልቅ ሪሞቱን አንሥታ አጠፋችው። "አይረባም" አለች፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም አንሥቶት አያውቅም።

አሁን ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገባች። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ "ሾራሺም" የሚሉት የቤተሰብ ታሪክ ሥራ አለ። አያቷን ቁጭ አድርጋ መጠየቅ አለባት። ኢንተርኔት ላይ ስለ መርፌው አንብባ "ሳፍታንም (አያቴንም) ወግተዋታል ወይ?" ብላ መጣችብኝ። ምን ልበላት? ባለቤቴ "ተጣርቶ ውሸት ነው ተብሏል፣ ተዪው" ይላል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሆን ብለው ሊያጠፉን ነው ባይ ነው። እኔ መሐል ላይ ቀርቻለሁ።

እውነቱ ምንድን ነው? ደግሞስ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን በዚህ ጉዳይ ያናገራችሁ ካላችሁ፣ ወሬውን እንዴት ጀመራችሁት? የእኔ እናት እንኳን ስለ ማሕፀኗ፣ ስለ ጥርሷም አታወራም።

የሰሎሞን ዘመቻ ልጅ

ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ዘረኝነት ነው። ከሩሲያ የመጣች ሴት ብትሆን እንዲህ ይወጓት ነበር? የለገስነውን ደም ደፉት፣ ልጆቻችንን ፖሊስ ይደበድብብናል፣ ማሕፀናችንም አልቀረም። ለልጅሽ ይህንኑ ጻፊላት።

እትዬ መጋሸሬት

ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። እሷ የጠየቀችው ግን መፈክር አይደለም።

ልጄ፣ እኔ በደቡብ በኩል ባለች አንዲት ከተማ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒክ ውስጥ ለብዙ ዓመት መጋሸሬት ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚህ አገር ለሌላችሁ፣ በሐኪሙና በእኛ ሰው መሐል ቆማ የምታስተረጉም፣ የምታግባባ ማለት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሚቆጣኝ አለቃ የለም።

መጀመሪያ በአደባባይ የታወቀውን ልንገርሽ። ከፕሮግራሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሐይፋ ያለው "ኢሻ ለኢሻ" የሚባል የሴቶች ማኅበር ጥናት አውጥቶ ነበር። ከአንድ ኩፓት ሆሊም በተገኘው መረጃ መርፌውን ከሚወስዱት ሴቶች 57 ከመቶዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ሆነው ተገኙ። እኛ ከአገሩ ሕዝብ 2 ከመቶ እንኳ አንሞላም። ያኔ ብዙ ሰው ጆሮ አልሰጠውም። በዲሴምበር 2012 ጋል ጋባይ የምትባል ጋዜጠኛ ሴቶቹን ራሳቸውን አናግራ በቴሌቪዥን ስታቀርበው ነው አገሩ የደነገጠው። ጎንደር ሳለን መርፌውን ካልወሰዳችሁ ጉዞው ይቀርባችኋል፣ እርዳታውም ይቋረጣል ተባልን ያሉ ሴቶች ነበሩ። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ማንንም አላስገደድንም አለ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱም ኩፓት ሆሊሞች ደብዳቤ ጻፉ። ሴቲቱ የሕክምናውን ነገር በደንብ መረዳቷ የሚያጠራጥር ከሆነ ለኢትዮጵያ ተወላጆች መርፌውን አታድሱ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ አቅርቡ የሚል ነው። ክሱ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው አይልም። በ2016 ደግሞ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶቹ ተገደው ስለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ባልሽ የሚያወራው ይሄንን ነው። ማስረጃ አላገኘሁም ማለትና ውሸት ነው ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

አሁን እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ማንም ማንንም ሲያስገድድ አላየሁም። ማንም ማንንም ሲጠይቅም አላየሁም። ሴትዮዋ ትገባለች። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ያያል። ፋይሏ ላይ ዲፖ የሚል አለ፣ ያድሰዋል። ነርሷ ትወጋታለች። ደቂቃዎች ናቸው። ጎንደር ላይ ካርድ ላይ የተጻፈው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ እየታደሰ ሄደ። "ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ?" ብሎ የሚጠይቃት ካለ እኔ ነኝ፤ እሱም ኮሪደር ላይ፣ ከወጣች በኋላ። አንዳንዷ "ለመሆኑ ይሄ መርፌ ለምንድን ነው?" ትለኛለች። ተወግታ ወጥታ እኮ ነው!

ማስገደድ ሲባል ሰው ጠመንጃ ይታየዋል። ጎንደር ተቀምጦ ስሙ ዛሬ ይጠራል ነገ ይጠራል እያለ ዓመት የሚቆጥር ሰው ግን ትእዛዝ አያስፈልገውም። "ብትወስጂው ይሻልሻል" ከተባለች ይበቃታል። እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ አይጻፍም። ተቆጣጣሪ ቢመጣም ከየትኛው ፋይል ያገኘዋል?

ሌላው ብዙ ያልተወራለት ነገር የደሙ ጉዳይ ነው። መርፌው የወር አበባን ያዛባል። አንዷን ጭራሽ ያቆምባታል፣ ሌላዋን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንጠባጥብባታል። ለሌላ ሴት ይሄ የሞዴስ ወጪ ነው። ለእኛ እናቶች ግን እንደዚያ አይደለም። አገር ቤት የቤተ እስራኤል ሴት ደም ሲመጣባት ከቤቷ ወጥታ የመርገም ጎጆ ትገባ ነበር፣ ሰባት ቀን። ዙሪያውን ድንጋይ የተደረደረበት ጎጆ ነው። ምግቧን ከድንጋዩ ወዲህ ያስቀምጡላታል፣ ማንም አይነካትም። ሲያልቅላት ወንዝ ወርዳ ገላዋንም ልብሷንም ታጥባ ጀምበር ስትጠልቅ ቤቷ ትመለሳለች። ስትወልድ ደግሞ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን።

እዚህ ስንመጣ ጎጆ ከየት ይምጣ? መርካዝ ክሊታ (አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ማዕከል) ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። ሴቶቹ ግን አልተዉትም። በረንዳ ላይ ፍራሽ ዘርግተው የሚያድሩ ነበሩ። የራሷን ሳህንና ኩባያ ለይታ ፎቅ መውጫው ደረጃ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። ሠራተኞቹ ባሏ አባሯት ነው ብለው ሶሻል ወርከር ጠሩላት። ሶሻል ወርከሯ መጣች፣ አጠገቧ ቁጭ አለች፣ ትከሻዋን ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ደንግጣ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ሸሸች። "እንዳትነካኝ በያት! ትረክሳለች ምስኪን" ብላ ወደ እኔ ጮኸች። ለሶሻል ወርከሯ አዝና እኮ ነው። ባልየው ደግሞ ከታች ሆኖ እንጀራውን በሳህን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ፎርሙ ላይ ምን ተብሎ እንደተሞላ እግዜር ይወቀው። ሴትዮዋ ቀኗን ሳትጨርስ አልገባችም።

እስቲ አሁን አስቢው። እንዲህ ቀኗን የምትቆጥር ሴት ላይ መርፌው ደሙን ሲያመጣና ሲወስድ መቼ ነው የምትጠራው? አንዷ "ሰባቱን ስጨርስ በስምንተኛው ይመለስብኛል፣ ቤቴ መግባት አቃተኝ እኮ" ብላ አለቀሰችብኝ። ለዶክተሩ ተረጎምኩለት። "የተለመደ ነው፣ ያልፋል" አለ። ለእሱ የተለመደ ነው።

የመርገም ጎጆን እያሞገስኩ አይደለም። የክረምቱን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ልጆቼም እንዲያዩት አልመኝም። ግን ወንድ የማይደርስበት፣ ሴት ከሴት ጋር እንደልቧ የምታወራበት ቦታም ነበር። ስለ ወሊድ የማውቀውን ግማሹን የሰማሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም።

ከሁሉ የከነከነኝን ልንገርሽና ላብቃ። በዚያ ፕሮግራም በድብቅ ካሜራ የተቀረጸች ነርስ አለች። የእኛ ሴቶች ስለሚረሱና ስለማይገባቸው በሦስት ወር አንዴ መወጋቱ ይሻላቸዋል የሚል ነገር ትናገራለች። እኔ ይሄንን "ይረሳሉ" የሚለውን ከሷ በፊት ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። የእኛ ሴቶች በዓላችን ሲግድ መቼ እንደሚውል አይረሱም። የማን ተዝካር መቼ እንደሆነ አይረሱም። ልጃቸው ያመጣት ልጅ በስንት ትውልድ እንደምትዛመዳቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የመርፌው ቀን ሲሆን ብቻ ነው የሚረሱት? ቀጠሯቸው አልፎ ስደውልላቸው "ውይ! ረሳሁት እኮ እትዬ" ይሉኛል። እኔም ለነርሷ "ረስታው ነው" ብዬ አስተረጉማለሁ። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ማወቄን ታውቃለች። ባለሥልጣን ፊት እምቢ ማለት መዘዝ እንዳለው እያየች ያደገች ሴት፣ እምቢታዋን የምትናገረው እንዲህ ነው። ክሊኒኩ አለማወቅ ነው ብሎ መዘገበው። እነሱ ግን ከዓመት በኋላ ልጅ አዝለው ሲመጡ አይቻለሁ፣ ደስ ብሏቸው።

ወደ እናትሽ ስመለስ፣ በልጅሽ ደብተር አትሂጂባት። ደብተርና እስክሪብቶ ካየች ፎርም ነው የሚመስላት። እጇ ሥራ ላይ እያለ ጠይቂያት። ደግሞ "ወግተውሽ ነበር ወይ?" አትበያት፤ ስለ ራሷ ቀን ጠይቂያት። "ከእኔ በኋላ ልጅ ፈልገሽ ነበር?" ብለሽ ጀምሪ።

የ85ቱ ሰልፈኛ

እትዬ የሴቶቹን ብላለች፣ እኔ የወንዶቹን ልጨምር። ወንዶች ስለ እንዲህ ያለ ነገር አንጽፍም፣ ግን ዕድሜዬ ሄዷል፣ ምን አፍራለሁ።

በሙሴ ዘመቻ፣ በ84 መጨረሻ፣ በሱዳን በኩል የገባን ነን። መንገድ ላይ የቀበርናቸውን ቀብረን። ገና ሳናርፍ ረቢዎቹ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል አሉን። ራብ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 "የዳን ነገድ ናቸው፣ አይሁድ ናቸው" ብለው ወስነው ሳለ ነው ይሄ። በስምንተኛው ቀን የተገረዘውን ሰውዬ እንደገና ጫፉን ወግተው አንዲት ጠብታ ደም ማውጣት፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ማስገባት። አንዳንዶቻችን የጤና ምርመራ መስሎን አደረግነው። ገባን፣ ሱሪ ፍቱ ተባልን፣ ፈታን። ምን እንደሆነ የገባን ማታ ከቄሶቹ፣ ከራሳችን የቤተ እስራኤል ካህናት ጋር ስናወራ ነው። አባቴ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፣ ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

የውሃው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኛ አገር ሰውን ውሃ ውስጥ አስገብቶ አይሁድ ነህ አይደለህም ማለት ክርስትና ማንሣት ነው። አባቶቻችን እምቢ ብለው ርስት ያጡበት ነገር ነው። እዚህ መጥተን ከገዛ ወንድሞቻችን ዘንድ ይገጥመናል ብሎ ማን አሰበ?

ጩኸት ሲበዛ የደሙን ጠብታ ተዉት። ውሃው ግን ማግባት ለሚፈልግ ሰው ቀረ። በሴፕቴምበር 1985 ኢየሩሳሌም፣ ኪንግ ጆርጅ መንገድ፣ የዋና ረቢዎቹ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ቁጭ አልን። አንድ ወር ያህል። አዲስ ዓመቱም ዮም ኪፑሩም እዚያው አለፈ። ቄሶቹ ነጭ ለብሰው፣ ጥላቸውን ይዘው፣ መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ ሠራተኛ በፈረቃ ሳይሆን ሁልጊዜ ነበሩ። ቃል ተገባልንና ተነሣን። የተባለው ሁሉ አልተፈጸመም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ በራሱ መንገድ ሄደ። ቄስ አጋብቷቸው፣ የመንግሥት ወረቀት ሳይኖራቸው፣ ወልደው ከብደው የኖሩ አሉ። ቆይቶ የናታንያው ረቢ ዳቪድ ሸሉሽ ያለ ውሃው እንዲመዘግቡ ሲፈቀድላቸው ከየከተማው ያለ ሙሽራ ናታንያ ወረደ። ጠያቂዋ፣ ከተማሽ ናት። ለልጅሽ ሾራሺም ይሄም ይጠቅማታል።

የተደፋውን ደም ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻው ልጅ ጠቅሶታል። በጃንዋሪ 1996 ማዕሪቭ ጋዜጣ እኛ የምንለግሰው ደም በድብቅ እንደሚደፋ አወጣ። ኤች አይ ቪ ፈርተን ነው አሉ። በዚያው ወር በ28 10,000 የምንሆን ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣን። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰብን፣ ውሃ ተረጨብን። እኔን ያበገነኝ መድፋታቸው ብቻ አይደለም። ክንድህን ዘርግተህ ትሰጣለህ፣ አመስግነው ይሸኙሃል፣ ዞር ስትል ይደፉታል። ካልፈለግኸው በፊቴ በለኝ! በ2013 የክኔሴት (የፓርላማው) አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልትሰጥ ሄዳ መመሪያው አይፈቅድልሽም ተባለች። በሦስት ዓመቷ አገሩ የገባች ሴት። ለሷስ ቢያንስ ፊት ለፊት ነገሯት።

ነርስ ከጎንደር

እኔ እስራኤል አይደለሁም፣ ጎንደር ዙሪያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁሉንም አነበብኩት፣ አዘንኩ። ግን መርፌው ራሱ ስም እየወጣለት ስለሆነ አንድ ነገር ልበል።

እዚህ መርፌው የሴቲቱ ምሥጢር ነው። በኢትዮጵያ ከወሊድ መከላከያ ሁሉ በብዛት የሚወሰደው እሱ ነው። ክኒን ባል ያገኘዋል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሲዳሰስ ይታወቃል። መርፌ ግን ምልክት የለውም። ቅዳሜ ሽንኩርቷን ይዛ ገበያ ትመጣለች፣ በእኛ በኩል ታልፋለች፣ ተወግታ ጨውና ጋዟን ገዝታ ትመለሳለች። ካርዷን ቤቷ አትወስደውም፣ እኛ ጋ ትተወዋለች። አንድ መሳቢያ ሙሉ እንዲህ ያለ ካርድ አለን። ባሏ፣ አማቷ፣ ነፍስ አባቷ ሁሉ "ውለጂ" እያሏት እሷ ዝም ብላ በሦስት ወር አንዴ ሽንኩርት ትሸጣለች። አንድ ጊዜ ባልየው ራሱ መጥቶ "ሚስቴ እዚህ ትመጣለች?" አለኝ። "ለሕፃኑ ክትባት" አልኩት። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር እኛም ዕቅድ አለብን። በወር ይህን ያህል አዲስ ተጠቃሚ ይባላል። ቁጥሩ ሲጎድል ምክሩ ያጥራል። ይሄ ጥሩ አይደለም፣ በግምገማ ላይም ተናግሬዋለሁ፣ "ሪፖርቱን አስተካክይ" ነው የተባልኩት።

ለጠያቂዋ፣ ከሕክምናው በኩል፦ መርፌው ለዘለዓለም አያመክንም። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ ግን ሊዘገይ ይችላል፣ በአማካይ ወደ አሥር ወር። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የአጥንት ጥንካሬን ይቀንሳል፣ አሜሪካኖቹም በ2004 ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አስጽፈውበታል። እናትሽ ዕድሜዋ ገፋ ካለ አጥንቷን ትመርመር።

ከዱባይ

ስታወሩ ሰምቼ ነው። እኛም ለቤት ሠራተኝነት ስንመጣ ሽንት ሰጥተን፣ እርጉዝ አለመሆናችን ታይቶ ነው ቪዛው የሚሄደው። እዚህም ለመኖሪያ ፈቃዱ እንደገና ምርመራ አለ። ካረገዝሽ ወደ አገርሽ ነሽ። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ፣ የእረፍት ቀን ያላት ለሌላት መድኃኒት ትገዛላታለች፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል ትቀባበላለች። የማዳም ካሜራ እዚያ አይደርስም።

እትዬ መጋሸሬት

የዱባይዋ ልጄ፣ ይሄ የራሱ ጥያቄ ነው። ክፈቺውና እንምጣ፣ እዚህ ሥር ተቀብሮ አይቅር።

ነርሷ ልክ ናት። መርፌውን አልጠላሁትም፣ እኔ ራሴ ታናሽ እህቴን ወስጄ አስወግቻታለሁ፣ ለምናኝ። የገበያዋ ሴት ቀኑን የመረጠችው ራሷ ናት፤ መተው ስትፈልግም ማንንም አታስፈቅድም። የእኛዎቹ ቀን የተመረጠላቸው ናቸው።

ጠያቂዋ፣ እናትሽ ካወራችም ካላወራችም ፋይሏን አውጡ። ከ1996 ጀምሮ የታካሚ መብት ሕግ አለ፣ ማንም ሰው የራሱን የሕክምና ፋይል ቅጂ መጠየቅ ይችላል። ራሷ ትሂድ፣ ወይ በፊርማዋ ውክልና ትስጥሽ። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ምናምን የሚባል ነገር የለም።

የናታንያዋ (ጠያቂ)

እትዬ፣ እንዳልሽው አደረግሁ። በርበሬ እየቀነጠስን ነበር። "ከእኔ በኋላ ከመጣው ከትንሹ ወዲያ ልጅ ፈልገሽ ነበር?" አልኳት። ቀና አላለችም። "ማን ነው ልጅ የሚፈልገው? አባታችሁ ሌሊት ፋብሪካ፣ እኔ ቀን ጽዳት። መቼ ልንገናኝ?" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ራሷ ቀጠለች።

ጎንደር ላይ ማንም አልጠየቃትም። የእህል ካርድ በሚታይበት ቀን ክሊኒክም ግቡ ይባል ነበር፣ ገባች፣ ተወጋች። ለምን እንደሆነ የነገረቻት ከኋላዋ የተሰለፈች ጎረቤቷ ናት። እዚህ ከመጣን በኋላም ትንሽ ቀጥላበት ነበር፣ ይሄኛውን ግን ፈልጋ ነው። ደሙ ሲያስቸግራት ትታ ሉፕ አስገባች። "ሐኪሟ ሩሲያዊት ነበረች፣ በእጅ በእጅ ተግባባን" አለችኝ።

"ታዲያ ያኔ ቴሌቪዥኑን ለምን አጠፋሽው?" አልኳት። በርበሬውን አስቀመጠች። "ያቺ ነርስ! አይገባቸውም አለች እኮ! ያን ሁሉ ዓመት ወረፋ ጠብቄ፣ የያንዳንዱን ጸሐፊ ጠባይ አጥንቼ፣ የቱ ጠዋት እንደሚቆጣ የቱ ከምሳ በኋላ እንደሚለዝብ አውቄ፣ እናንተን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ የማይገባኝ?" ስለ መርፌው አፍራ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሷ የተናደደችው ሞኝ ስላስመሰሏት ነው። የጎንደሩንም ይቅር አላለችም፣ "ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር፣ ለምን አይጠይቁኝም?" ነው የምትለው። ይሄን ለወንድሜም ለባሌም ነገርኳቸው፣ ሁለቱም ዝም አሉ፣ ለአንድ ቀን ያህል።

ለልጄ ራሷ ትነግራታለች። አንድ ነገር ግን ከልክላለች፣ የነርሷ ንግግር ደብተሩ ላይ እንዳይጻፍ። "በእኔ ታሪክ ውስጥ ምን ታደርጋለች?" አለች።

እሑድ ፋይሉን ልንጠይቅ አብረን እንሄዳለን። ነርስ ከጎንደር፣ የሐኪሞቹ ምሕጻረ ቃል ካልገባን ብልክልሽ ታነቢልኛለሽ? የድሮዎቹ ገጾች በእንግሊዝኛ ናቸው አሉ።

ነርስ ከጎንደር

ላኪልኝ። ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን ግን ሸፍኚው፣ ፎቶ ከመላክሽ በፊት። የመርፌዎቹ ቀኖች ያሉበትን ገጽ ነው በተለይ የምፈልገው፣ ስንት ዓመት እንደወሰደች ከዚያ እናሰላዋለን።

እትዬ መጋሸሬት

እዚያው እያላችሁ የቤተሰብ ሐኪሟን ለአጥንት ምርመራው ሀፍናያ (ሪፈር ወረቀት) ጠይቁት። በስልክ ይላክላችኋል ካሏችሁ እሺ አትበሉ፣ ወረቀቱን አስወጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ።